በለቅሶ ድንኳን የተነገረ ምስጋና

ከድሬዳዋ የተነሳሁት በፍልሰታ ጾም ነው። ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ኪዳን ሲገሰግሱ እኔ ሻንጣ ይዤ ወደ መናኸሪያ መሄዴ ቅር ብሎኝ ነበር። ይህን የምጽፈው እዚሁ ድሬ ላሉ፣ የምዕራብ ሸዋን መንገድ ምናልባት በዕድሜያቸው ለማያዩት አንባቢዎች ነውና ብርዱንና ጭቃውን ባበዛባችሁ ታገሡኝ። የሰዎቹን ስም ቀይሬዋለሁ። የድንጋይ ካባው የትኛው ተራራ ላይ እንደሆነም አልናገርም። ሳልቀይር የተውኩት የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው፤ እሱም በቦታው ይመጣል።

ተወልጄ ያደግሁት አምቦ ነው። የክርስትና ወረቀቴ ላይ የከተማው ስም «ሀገረ ሕይወት» ተብሎ ተጽፏል፤ እዚህ ለሰው ሳሳየው የሌላ አገር ይመስለዋል። ወላጆቼ ካረፉ ወዲህ አልተመለስኩም። የምሠራው አንዲት ትንሽ መጽሔት ላይ ነው፤ ሰው መናገር የሚፈራውን ነገር እያጣራሁ እጽፋለሁ። ለዚህ ጉዞ ምክንያት የሆነችኝ የጽዋ ማኅበራችን አባል ናት። እህቷ አዴ ቦንቱ ከአምቦ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ አጠገብ ባለ የድንጋይ ካባ ለሠራተኞቹ ምግብ ታበስላለች። እዚያ ታደሰ የሚባል ድንጋይ ፈላጭ ገደል ተንዶበት ተደቁሷል። የካባው ሰዎች ግን «ጠጥቶ ሲሄድ አውራ ጎዳና ላይ መኪና ገጭቶት ነው» ብለው አስወርተዋል። አዴ ቦንቱ ከድንጋዩ ሥር ሲያወጡት በዓይኗ አይታለች። ታደሰም ቤቱ ተኝቶ «የሚጽፍ ሰው ከመጣ እናገራለሁ» ብሏል።

«ለታደሰ ብቻ ብዬ እንዳይመስልሽ፣ እህቴ» አለችኝ አዴ ቦንቱ በስልክ። «ባሌ ነገም እዚያው ገደል ሥር ነው የሚገባው። ክረምት ነው፤ ከላይ ተሰንጥቋል። ምናልባት ቢዘጉት ብዬ ነው። ግን እኔ እንደነገርኩሽ ከታወቀ ሁለታችንንም ያባርሩናል፤ ከዚያም የባሰ ያደርጋሉ።»

ስሟን ከአፌ እንደማላወጣ ቃል ገባሁላት።

የመጀመሪያው ቀን

ከመነሳቴ በፊት ጥንቃቄዬን ጨርሻለሁ። ትልቁን ስልኬን ቤት ትቼ ባለ ቁልፏን ያዝኩ። የአዴ ቦንቱን ቁጥር ከስልክም ከወረቀትም አጥፍቼ ከመዝሙረ ዳዊት ቁጥሮች ጋር እያያያዝኩ በቃሌ አጠናሁት። ባልደረባዬ ሰላም በየምሽቱ እየደወለች «አክስትሽ እንዴት ናቸው?» ልትለኝ ተስማምተናል። «ደህና ናቸው» ካልኩ ደህና ነኝ፤ «ትንሽ ትኩሳት አላቸው» ካልኩ ችግር አለ፣ ለአለቃችን ትነግራለች። ይህ ውሸት እንዳይሆንብኝ ሰግቼ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ። «አክስትሽን ጤና ነሥተሽ ልትኖሪ ነው እንዴ? በይ ሂጂ፣ እሳቸውንም እኔ እጸልይላቸዋለሁ» አሉኝ። የእኔ ደንብ አንድ ነው፤ አልዋሽም፣ ሁሉንም ግን አልናገርም።

አውቶቡሱ ላይ ያደረግሁት ክፍት ጫማ ነበር። ለድሬ ሙቀት የለመደ እግር ክረምትን ይረሳል። አዋሽ ላይ ስንደርስ ሆዴ ታወከና አጠገቤ የተቀመጡ የሐረር ነጋዴ ሎሚ ቆርጠው ሰጡኝ። «አሽትቺው፣ አትብዪው፤ ጾም ላይ ነሽ አይደል?» አሉኝ። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ ጾሜን ከእኔ በላይ ጠበቁልኝ። ማታ አዲስ አበባ አስኮ አካባቢ አንድ ርካሽ ማረፊያ አደርኩ። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ሳዳምጥ ስለ ገደሉ እያሰብኩ ነበር።

ሁለተኛው ቀን

ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ ዝናቡ አላቆመም። ድሬ ላይ ዝናብ ሲመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ ያየዋል፤ የደቻቱ ወንዝ ይሞላ ይሆን እያለ ይፈራል። እዚህ ግን ዝናብ እንደ ቅርብ ዘመድ መጥቶ ይቀመጣል፤ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ሆለታን እንዳለፍን ፍተሻ ላይ ሁላችንም ወረድን። ወታደሩ ወጣት ነው፤ የዝናብ ልብሱ ከእሱ ይሰፋል። መታወቂያዬን ገልብጦ ገልብጦ አየው።

«ከድሬዳዋ! ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ጋዜጠኛ ነኝ።»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ወዴት ነው?»

«አምቦ። የታመመ ሰው ልጠይቅ።»

ስልኬን ተቀበለኝ፣ ቁልፎቿን ነካ ነካ አደረገ፣ መለሰልኝ። ከዚያ ዓይኑ እግሬ ላይ አረፈ። «በዚህ ጫማ?» ሲል ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀና አሳለፈኝ። እውነት ተናግሬ ማለፌ ደስ አለኝ።

አዲስ ዓለም ላይ ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ ቆመ። የማርያም ቤተ ክርስቲያን በጉሙ ውስጥ ከፍ ብላ ትታያለች፤ ዳገቱን የሚወጡት ነጫጭ ነጠላዎች ብቻ ናቸው፣ ሰዎቹ አይለዩም። በመስኮቱ ተሳለምኩና «እመቤቴ፣ እስክደርስ ድረስ ታደሰን አቆዪልኝ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ስለ ምሕረቱ ከመለመኔ በፊት ስለ ቃሉ ነው የለመንኩት። ሥራዬ እንዲህ ያደርገኛል።

ጊንጪ ስንደርስ መንገዱ ተዘግቷል ተባለ። ለምን እንደሆነ የተናገረ የለም፤ የጠየቀም የለም። ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ዛሬ አምቦ የለም! ጧት ከተከፈተ እንሄዳለን፣ ካልተከፈተ ደግሞ ጊንጪን ትወዷታላችሁ» አለ። አንድ ሽማግሌ «አንተ ውደዳት፣ ሚስትም ፈልጉለት» ብለው ወረዱ።

ያደርኩበት ቤት ባለቤት እትዬ አስካለ ይባላሉ። ጫማዬን ሲያዩ ራሳቸውን ያዙ። «እግርሽን ልትቀብሪው ነው እንዴ የመጣሽው?» ብለው የራሳቸውን የሱፍ ካልሲ አምጥተው አለበሱኝ፤ ጫማዬን ከሰል ምድጃ አጠገብ አቆሙት። ሽሮ ሲያቀርቡልኝ ቅቤ አለው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «በፍልሰታ? ድሬዳዋ ምን አስተማሩሽ!» አሉና ተቆጡኝ። ፍራሹ ከደንዲ ሐይቅ በኩል የሚመጣውን እርጥበት ጠጥቶ ሰክሯል። ከእነ ነጠላዬ፣ ከእነ ካልሲዬ ገብቼ እንኳ አልሞቀኝም። ሰላም ስትደውል «ደህና ናቸው» አልኳት። ጧት ሒሳብ ከፍዬ ካልሲውን ልመልስላቸው ስል «ለመመለሻሽ» ብለው ከለከሉኝ።

ሦስተኛው ቀን

መንገዱ ረፋድ ላይ ተከፈተ። አምቦ የገባሁት በእኩለ ቀን ነው። ልጅ ሆኜ የማውቃቸው ዛፎች አሉ፤ በሥራቸው ያሉት ሱቆች ግን ሁሉም አዲስ ናቸው። የሚያውቀኝ ሰው አልነበረም። ድሬ ላይ መጤ ነኝ፣ አምቦም መጤ ሆንኩ። ያረፍኩት ከአባቴ ጋር ብዙ ዓመት ባስተማሩት በኦቦ ቶለራ ቤት ነው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ በእድርና በሽምግልና ከማስተማሩ ጊዜ ይልቅ ሥራ በዝቶባቸዋል። እሳቸውና ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ጴንጤ ናቸው። አዴ ጫልቱ እንደምመጣ ሲሰሙ ቅቤ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ድስት ገዝተው ኖሯል። «የአባትሽን ጾም በኔ ቤት አላስፈታም» አሉኝ። አፌን ሞልቼ ማመስገን እንኳ አቃተኝ።

ለኦቦ ቶለራ በስልክ የነገርኳቸው ታደሰ የሚባል በሽተኛ ልጠይቅ እንደምመጣ ነው፤ ለምን እንደምመጣ ለማንም እንዳይናገሩም ለምኛቸዋለሁ። ቁጭ እንዳልን በዚሁ ጀመርኩ።

«ኦቦ ቶለራ፣ ያልኩዎትን ለሰው አልተናገሩም አይደል?»

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ አፌ ተቆልፏል» አሉና ቀጥለው አንገታቸውን ደፉ። «ግን ዘገየሽ። ታደሰ ትናንት ማታ አርፏል። ዛሬ ጧት ቀበርነው፤ እኔም ገና መመለሴ ነው።»

እኔ ጊንጪ ካልሲ አድርጌ ስተኛ ማለት ነው። አዴ ጫልቱ ምግብ አቀረቡ፤ ለእሳቸው ስል በላሁ። ሰው ሞቶ ሳለ ከሐዘኔ አስቀድሞ የመጣብኝ «ሁለተኛ ምስክር የለኝም» የሚል ሐሳብ ነበር። በእኛ ሥራ የአንድ ሰው ቃል ብቻውን አይታተምም፤ ያ አንድ ሰው የሚፈራ ሲሆን ደግሞ ጣቱ ሁሉ ወደ እሱ ይጠቁማል። ተነስቼ ጓዳ ገባሁና ለነፍሱ ጸለይኩ፤ ዘግይቼም ቢሆን።

አራተኛው ቀን

ጧት የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የማንንም ስም ሳልጠራ፣ በዚያ መንገድ ያሉ ካባዎች ደኅንነት ይመረመራል ወይ ብዬ ብቻ ጠየቅሁ። ትሑት ሰው ነው ያገኘሁት፤ ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ።

«ቅሬታ አቅራቢው ማን ነው?» አለኝ።

«ቅሬታ አይደለም፤ ጥያቄ ነው።»

«አዎ፤ ግን ፎርሙ ላይ የአቅራቢ ስም አለ። ስም ከሌለ ለመስክ መኪና አይወጣልኝም። አንዱ ሠራተኛ ይምጣና ይፈርም፤ በማግስቱ እሄዳለሁ። እኔም እኮ ልሂድ ነው የምለው።»

ይህን ሲል ውሸት አልነበረበትም። ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ወደ ጉደር ሄድኩ። መንገድ ዳር የሽንኩርት ሻጮች ተደርድረው ፕላስቲክ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከእነሱ ሽንኩርት ስመርጥ ካባው ከሩቅ ይታየኛል። ገደሉ ቢጫ ነው፤ ከአናቱ ጀምሮ ጥቁር ስንጥቅ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ውኃ ይንቆረቆርበታል። ከሥሩ የመዶሻ ድምፅ ይመጣል። «እዚያ ሰዎች አሉ?» ስል አንዷ ሻጭ «የት ይሄዱ?» ብላ ሽንኩርቱን መዘነችልኝ። ፎቶ አላነሳሁም፤ ካሜራ የያዘች ሴት በዚያ መንገድ ላይ እስከ ማታ ወሬ ትሆናለች። ያየሁትን በዓይኔ ያዝኩ።

አምስተኛው ቀን

የታደሰ የለቅሶ ድንኳን የሚፈርስበት ዕለት ነው። ኦቦ ቶለራ ጃንጥላቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ቆሙ። «ከድሬ ድረስ መጥተሽ ለቅሶ ሳትደርሺ ልትመለሺ? የአባትሽን ስም ታሰድቢያለሽ» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሳስብበት አድሬያለሁ። ለቅሶ ቤት ማንም ማንንም «ማን ጠራህ?» አይልም፤ የሚያውቅም የማያውቅም ገብቶ ይቀመጣል። ለእኔ ሥራ ከዚህ የተመቸ ቦታ የለም፤ የፈራሁትም ስለዚሁ ነው። በሐዘንተኛ ወንበር ተቀምጬ የወሬ ጆሮ ይዤ መግባት በእግዚአብሔር ፊት ምን ይባላል? በመጨረሻ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ አንድም ጥያቄ አልጠይቅም፣ የሰማሁትንም አልጽፍም። እግዚአብሔር ያጥናችሁ ብዬ ብቻ እወጣለሁ።

ድንኳኑ በዝናብ ከብዶ ወደ መሐል ሰርጉዷል፤ ጎረምሶች በእንጨት እየገፉ ውኃውን ያፈሳሉ። ስገባ የጫማዬ ማሰሪያ ጭቃው ውስጥ ተበጠሰ፤ አንድ እግሬን እየጎተትኩ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የፊተኛው አግዳሚ ላይ የዝናብ ካፖርት የለበሰ ሰው አለ። የካባው ካቦ፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ እሱ እንደሆነ ኦቦ ቶለራ በጆሮዬ ነገሩኝ። ንፍሮ የምታድለው ሴት አጠገቤ ስትደርስ በድምፅ ብቻ የማውቃት አዴ ቦንቱ እንደሆነች «እንኪ እህቴ» ስትል ለየኋት። ዓይኗን አላነሳችም። አንድ እፍኝ ሰጠችኝና ግማሽ ጨመረችልኝ።

የእድሩ ዳኛ ተነስተው የመጨረሻውን ምስጋና ጀመሩ። ቀባሪውን አመሰገኑ፣ ድንኳን ተካዮቹን አመሰገኑ። ኦቦ ቶለራ ከመቀመጫቸው ከፍ ብለው በጆሯቸው አንድ ነገር ሲነግሯቸው አየሁ፤ ልይዛቸው እጄን ዘረጋሁ፣ አልደረስኩም።

«ከሩቅ ለመጡ እንግዶችም ምስጋናችን የላቀ ነው» አሉ ዳኛው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «በተለይ የወዳጃችን የአቶ ተሾመ ልጅ፣ ጋዜጠኛዋ፣ ከድሬዳዋ ድረስ ለታደሰ ብላ መጥታለች። ቤተሰቡ በዚህ ይጽናና። ብድሯን በደስታ ያድርገው!»

«አሜን» አለ ድንኳኑ። ሰዎች ዘወር ዘወር እያሉ በአክብሮት ጎንበስ አሉልኝ። ለሐዘንተኛ ከዚህ የበለጠ ክብር የለም፤ ሩቅ ያለ ሰው ሟቹን አስቦ መጣ ማለት ነው። ከሴቶቹ መሐል የታደሰ ባለቤት ይህን ሰማች። ብድግ ብላ በኦሮምኛ ሙሾዋን አወረደች።

«ታደሰ ኮ፣ ታደሰዬ! ያቺ ሰው መጣችልህ! ቦንቱ የጠራችልህ ሰው ደረሰች! ልነግራት ነው አላልክም? ተነስ እንጂ ንገራት! ገደሉን ንገራት!»

ድንኳኑ በለቅሶ ተነሳ። ሁሉም ሰው እያለቀሰ ነበር፤ ካቦው ብቻ አላለቀሰም። እኔን አላየኝም። ያየው አዴ ቦንቱን ነው። እሷ ትሪዋን እንደያዘች ለሚቀጥለው ሰው ንፍሮውን ዘገነችለት።

ስንመለስ ኦቦ ቶለራ ፊቴን አይተው ደነገጡ። ምን እንደሆነ ስነግራቸው መንገድ መሐል ቆሙ።

«እኔ ለምን እንደመጣሽ አልተናገርኩም። አንድም ቃል! ማን እንደሆንሽ ብቻ ነው የተናገርኩት። የተሾመ ልጅ አገሯ መጥታ እንደ መንገደኛ ትቀመጥ?»

እውነታቸውን ነው። የነገርኳቸውን ጠብቀዋል። ሁሉን አልናገርም እያልኩ ለእሳቸውም የነገሩን ግማሽ ነበር የነገርኳቸው፤ የቀረውን ግማሽ በፍቅር ሞሉት።

ማታ ሰላም ደወለች። «አክስትሽ እንዴት ናቸው?» ስትለኝ «ደህና ናቸው» አልኩ። ትኩሳት አላቸው ብል እኔን ሊያወጡኝ ይሯሯጣሉ። እኔ ግን ደህና ነኝ፤ አልጋ ላይ ነኝ፣ እራቴን በልቻለሁ። ለአዴ ቦንቱ የሚሆን ቃል አላዘጋጀንም ነበር።

ስድስተኛው ቀን

አዴ ቦንቱ ራሷ መጣች፤ በቀን ብርሃን፣ በዋናው በር፣ ከባሏ ጋር። «ከእንግዲህ መደበቁ ምን ያደርጋል» አለች። ባሏ ረጅም ነው፤ የድንጋይ አቧራ ቅንድቡ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ ሲገባ የበሩን ጉበን ላለመንካት እንደ ልማዱ ጎንበስ ይላል። ስሙን ነገረኝ። ጧት ወደ ካባው ሲወጣ ካቦው በር ላይ «ሚስትህ ጋዜጣ ላይ ታበስልልህ» ብሎ መልሶታል።

«ጋዜጠኛ ስትባይ ወፍራም ሰው መስሎኝ ነበር» አለኝ እየሳቀ። «አንቺ ጫማ እንኳ የለሽም።» የተበጠሰውን ጫማዬን ተቀብሎ ከኪሱ ቀጭን ሽቦ አወጣና በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይጠግነው ጀመር።

አዴ ቦንቱን ለብቻዋ ወደ ጓዳ ይዣት ገባሁ።

«ጻፊው» አለችኝ። «ስሜንም ጻፊ። የተባረርኩት በከንቱ ከሚሆን።»

ከታተመ ምን ሊመጣ እንደሚችል አንድ በአንድ ነገርኳት። ካቦውን፣ የካባውን ባለቤት፣ ፍርድ ቤቱን፣ ጎረቤቱን። ሰው ቆርጦ ሲናገርና መውጫ አጥቶ ሲናገር አንድ እንዳልሆነ፣ ነገ ሐሳቧን ብትለውጥ ቅር እንደማይለኝም ነገርኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ያን ጊዜ አንቺ የት ትሆኛለሽ?»

«ድሬዳዋ።»

አንገቷን ነቀነቀች። ክፉ ቃል አልወጣትም። ቢወጣት ይሻለኝ ነበር።

ከበረንዳው ኦቦ ቶለራ ካፖርታቸውን እየለበሱ ሲወጡ ሰማን። ጥፋቱን በሚያውቁት መንገድ ሊያርሙት ሽማግሌ ሊሰበስቡ ነው። «ዛሬ ሳይመሽ ወደ ሥራው እመልሰዋለሁ!» አሉ።

አዴ ቦንቱ ድንገት ተነስታ ወጣች። «ኦቦ፣ ይቅር። ሥራውን ሲመልሱለት ገደሉንም ይመልሱለታል።»

«ታዲያ ምን እንብላ?» አላት ባሏ ቀና ሳይል፣ ሽቦውን እያጠማዘዘ። የተቆጣ አይመስልም። «ልጆቹ ደብተር ይበላሉ?»

ኦቦ ቶለራ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ሄዱ፤ ከሰዓት በኋላም ተሳክቶላቸው ተመለሱ። ካቦው ይቅር ብሏል፤ ሁለቱም ከነገ ጀምሮ ይግቡ፣ ወሬው ግን እዚህ ይብቃ ተባለ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። የአዴ ቦንቱ ባል ጫማዬን አጥብቆ ሰጠኝና «እህቴ፣ አትጻፊው» አለኝ። እሷን አየኋት። «እሱ እንዳለው» አለች።

ስንሰነባበት ለራሴ የተማርኩትን ጥንቃቄ ሰጠኋት፤ ሌላ የምሰጣት አልነበረኝም። በየማታው ባሏ ከገደሉ ሲወርድ ሚስኮል ታደርግልኛለች። አላነሳውም፤ መግባቱን ብቻ አውቃለሁ። «አንድ ሰው ውጭ ሆኖ የሚያውቅ ይኑር» አልኳት። «ሒሳብ አይቆርጥም አይደል?» ብላ ፈገግ አለች።

መመለሻ

አዴ ጫልቱ ለመንገድ በሶ በጨርቅ ቋጠሩልኝ። ኦቦ ቶለራ መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዬን ተሸክመው መጡና «በድዬሻለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። እጃቸውን ሳምኩ፤ እኔም የምላቸው እሱን ነበር። አዲስ ዓለም ላይ ስናልፍ ጉሙ ስለወረደ ቤተ ክርስቲያኗ አልታየችኝም። በታየችበት በኩል ተሳለምኩ።

ድሬ ስገባ ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ተቀበለኝ። አለቃዬ የያዝኩትን ሰምቶ «አንዱ ምስክር ሞቷል፣ ሌላዋ አትጻፊ ብላለች፤ ምንም የለሽም» አለኝ፤ ልክ ነው። ያየሁትን ስንጥቅ ብቻ ገልጬ፣ የኔን ስም ፈርሜ ለዚያ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላክሁ። ዝናቡ ሲያበቃ እንደሚታይ መለሱልኝ።

በየማታው፣ ለሰርክ ጸሎት ስቆም ስልኬ አንዴ ትጮህና ዝም ትላለች። ተመስገን እላለሁ። ፍልሰታ ተፈታ፤ አዲስ ዓመት ገባ፤ መስቀልም አለፈ። አንዳንድ ማታ ሲዘገይ ጸሎቱ ይጠፋብኛል፤ ከዚያ ትጮሃለች። ከለመድኩት በኋላ እራት እየበላሁ ሳላያት የማልፍበት ማታም ነበር።

አንድ ማታ አልጮኸችም። ባትሪ ይሆናል አልኩ። በማግስቱ ቀትር ላይ ጮኸች፤ አላቆመችም።

«እህቴ» አለች አዴ ቦንቱ። ከኋላዋ ድንኳን ሲተከል፣ የብረት ድምፅ ይሰማል። «አሁን ጻፊው።»

«ቦንቱ… እግዚአብሔር ያጥናሽ። አሁን አትወስኚ፤ ሐዘንሽ ይብረድ—»

«የምፈራለት ሰው ነበረኝ። ከእንግዲህ የለኝም። የእኔን ስም ቀይሪው፤ ልጆቹ እዚሁ ነው የሚማሩት። የሱን ግን እንዳትቀይሪ። መኪና ገጨው ማለት ጀምረዋል።»

አርባው እስኪወጣ ጠበቅኋት፤ ቃሏን አልለወጠችም። ከእሷ ሌላ ያዩ ሁለት ሰዎችን በየግላቸው ጠይቄ አረጋገጥኩ። ይህንንም ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በስልክ አነበብኩላት። ጫማዬ ሽቦው እንደታሰረበት በሬ ሥር አለ።

የአዴ ቦንቱ ባል ደበላ ፈይሳ ይባላል። ድንጋይ ፈላጭ ነበር። የሞተው ካባው ውስጥ፣ ያ ገደል ተንዶበት ነው። መኪና አልገጨውም።